ያልታጠበው አትላስ

አባቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ በግቢያችን መሃል ሲሽከረከር ነው። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በባዶ እግሩ ቀስ እያለ ይዞራል። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከወገቡ የሚፈታውን የሐር ክር ክንዷ ላይ ትጠቀልላለች። ሲያዞረው ቆም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይዞራል። እኔ የግቢውን በር በጀርባዬ ደግፌ እቆማለሁ።

ኖርማት ይባላል፤ በማርጊላን ከተማ በመንግሥት የሐር ፋብሪካ ውስጥ ደመና አሳሪ ነበር። ደመና አሳሪ የሚባለው ገና ያልተሸመነውን ድር በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ጥለቱ የሚወጣበትን ቦታ በከሰል ምልክት የሚያደርግ፣ ከዚያም ቀለም እንዳይነካው የሚፈልገውን እያንዳንዱን ጭብጥ ክር በጥጥ ገመድ ጥፍር አድርጎ የሚያስር ሰው ነው። ድሩ ወደ ቀለም ጋን ይገባል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል፣ ወደ ሌላ ቀለም ይገባል። በመጨረሻ ሲሸመን ጥለቱ ጠርዙ የተንቀጠቀጠ፣ ውኃ ላይ የወደቀ ጥላ የመሰለ ሆኖ ይወጣል። ይህ ነው አትላስ።

በእኛ ከተማ ከአትላስ የሚያመልጥ ሰው የለም። የሕፃን አልጋ የሚሸፈነው በአትላስ ነው፤ የእንግዳ ፍራሽ ፊቱ አትላስ ነው፤ አሮጊቶች ደብዛዛውን ሰማያዊ ይለብሳሉ፤ ወጣት ሴት ስትሞት ቃሬዛዋ ላይ ደማቁ ይጣላል። ታሽከንት ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ልማር ገብቼ የካርታ መጽሐፌን ይዤ ስመጣ እናቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «ይሄንንም አትላስ ነው የሚሉት? ታዲያ ከዚህ ምን ይሰፋል?» አለች። አብራኝ የምታድረው የሕክምና ተማሪ ደግሞ ጭንቅላታችንን የተሸከመችው የአንገት አጥንት ስሟ አትላስ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ለአባቴ ስነግረው አንገቱን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «እሷስ ጥሩ ሸክም ነው ያላት። የእኔ ሸክም ወገቤ ላይ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ከዚያ በታች ያለው ነው» አለ።

ቀልዱ እውነት ነበር። አባቴ ፈሪ ሰው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ነጭ የሐር ክር ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በፋብሪካው በር ወጥቷል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእነዚያ ቀናት እህል ቀምሶ አያውቅም። ክሩን እናቴ በጓዳ ባለችው የእጅ ማጠንጠኛ ታጠነጥነዋለች፤ ጎረቤቶች ይሸምኑታል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነበር፤ ሁሉም ግን አይታሰርም። የሚታሰረው የተያዘው ነው። ይህ ነገር የሆነበት ዓመት ደግሞ ሰው በብዛት የሚያዝበት ዓመት ነበር። ከመንገዳችን ብቻ ሦስት ሰው ተወስዷል፤ አንደኛው ስምንት ዓመት ተፈርዶበታል።

የፋብሪካው ዘበኛ አይደለም ዋናው አስፈሪ። ዘበኛው ቀድሞ ያያል፣ ቀድሞም ዓይኑን ያዞራል። አስፈሪው ሰላምታ ነው። በእኛ ከተማ ወንድና ወንድ ሲገናኝ ደረቱን ገጥሞ ይተቃቀፋል፤ ወገቡ ላይ ሐር የጠመጠመ ሰው ደግሞ ሲያቅፉት እንደ ትራስ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንዱ በሩ ላይ ይጠብቀውና ሁለት ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ያስይዘዋል። ዳቦ የያዘን ሰው ማንም አያቅፍም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይልለታል እንጂ። ያን ሐምሌ ለዕረፍት መጥቼ ስለነበር ዳቦውን የምወስደው እኔ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለመስከረም ታጭቻለሁ።

የጥፋቱ ሁሉ መነሻ የእኔ ሠርግ ነው።

ለሙሽራ ዘጠኝ ቁራጭ አትላስ ይሰጣል። ስምንቱን ከሱቅ ገዝተን ነበር። ዘጠነኛውን ግን አባቴ ራሱ ሊያስረው ፈለገ። ከአያቱ የተማረው ጥለት ነበር፤ በቀይ መሬት ላይ ነጭ የለውዝ ፍሬና ማበጠሪያ ያለበት። ፋብሪካው እንዲህ ያለውን አይሠራም፤ ከላይ ተፈቅዶ የሚመጣ ጥለት ብቻ ነው የሚታሰረው። አባቴ ምን አደረገ፣ ከፋብሪካው ድር መሃል ለአንድ ቀሚስ የሚሆነውን ለይቶ፣ የራሱን ጥለት አሰረበት፤ ድሩ ከሌላው ጋር አብሮ ቀዩ ቀለም ጋን ውስጥ ገባ፤ ወጣ፤ በጥላ ደረቀ። በማግስቱ ጠዋት በኃላፊው ፊት ሁሉም ተፈትቶ ሊታጠብ ነው። ያን ጊዜ ለውዙ ይታያል። ስለዚህ ዛሬውኑ መውጣት ነበረበት፤ ሳይታጠብ።

ነጭ ክር እንጂ ቀለም የገባ ክር ተሸክሞ አያውቅም። ደረቅ ነው፣ ከሥር ካናቴራ አለ፣ ከላይ ነጭ ሸሚዝ አለ፣ ከዚያ በላይ ቾፖን የሚባለው ስስ ካባ አለ ብሎ አሰበ። ሐምሌ መሆኑን፣ በእኛ ከተማ ደግሞ ሐምሌ እሳት መሆኑን አላሰበም።

በሩ ላይ ዳቦውን ሳቀብለው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዳዳ፣ ደህና ነዎት?»

«አውቶቡሱ መጣ፤ ግቢ» አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መስኮቱ አይከፈትም። አባቴ ዳቦውን አቅፎ ቆመ፤ ላቡ ከቆቡ ሥር በግንባሩ ይወርዳል። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አንዲት ሴት ወንበር ለቀቀችለትና ተቀመጠ። ሲቀመጥ ቾፖኑ ተከፈተ።

እኔ ቀድሜ አየሁት። ሸሚዙ ላይ፣ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ፣ አንድ ሳንቲም የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች። ዓይኔ እያየ እንደ መዳፍ ሰፋች። ቾፖኑን ልገጥምለት ጎንበስ ስል ከፊቱ የቆመችው ሴት ጮኸች።

«ኡይ! ይሄ ሰውዬ እየደማ ነው! ሰውዬው ተወግቷል!»

«ማን ነው የደማው?» አለ ሾፌሩ ከፊት። «ወንበሬን እንዳታበላሹብኝ!»

«ስለ ወንበሩ ነው የሚያወራው፣ አረመኔ! ሰው እየሞተ!»

«ወደ ሆስፒታል ንዳው!»

ከኋላ ሰው እየገፋ የሚመጣ ሰማያዊ ቆብ አየሁ። ፖሊስ ነው፤ ወጣት፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያላበቀለ ሳጅን። በዚያች ቅጽበት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«አልቅት ነው!» አልኩ። «አባቴ አልቅት አስደርጎ፣ ደም አስመጥጦ ነው የሚመጣው። ለደም ግፊት። ደሙ አልቆም ብሎ ነው።»

አውቶቡሱ ውስጥ የታመቀው ትንፋሽ ሁሉ በአንዴ ተለቀቀ።

«ኧረ በይ! ስንት አስደረገ?» አለ ከአባቴ አጠገብ የተቀመጠ ሽማግሌ።

«ሰባት።»

«ሰባት! እኔ ሦስት አስደርጌ ሳምንት ሙሉ ከሚስቴ ጋር መጣላት አቅቶኝ ነበር።»

«ለደም ግፊት ከሆነ ከጆሮ ኋላ ነው እንጂ» አለች ሌላዋ። «ሆድ ላይ ማን ያስደርጋል?»

«ለጉበትም ነው» አልኩ።

ሳጅኑ ደርሶ ከላያችን ቆመ። አልሳቀም። «ማን ጋ ነው ያስደረጉት፣ አካ?» አለው አባቴን። አካ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ በትሕትና ነው የጠየቀው፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። አባቴ ወደ እኔ አየ። ስም መስጠት ነበረብኝ። በመንገዳችን መጨረሻ የምትኖረውን፣ ሰው ሁሉ ሆላ፣ አክስት፣ የሚላትን፣ በቤቷ ያለ ፈቃድ አልቅት የምታደርገውን፣ ማንንም ጎድታ የማታውቀውን ባልቴት ስም ሰጠሁ። «ሮሂላ ሆላ ጋ» አልኩ።

ሳጅኑ ደብተር አወጣ።

ያን ጊዜ አንዲት ወፍራም ሴት ሁላችንንም በክርኗ እየገፋች መጣች። ከቦርሳዋ ነጭ ጋውን ብቅ ብሏል። «ዘወር በሉ፤ ነርስ ነኝ። ደብተሩን ኋላ ትጽፋለህ፤ ሰውዬው መጀመሪያ ይታይ።» ጀርባዋን ለሳጅኑ ሰጥታ አባቴ ላይ ጎንበስ አለች። አባቴ ዳቦውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«አይ እህቴ፣ ተይው፣ ይቆማል፣ በአላህ ይሁንብሽ...»

«ዳቦውን ለልጅቷ ይስጡ!»

ዳቦውን ተቀበልኩት። እጇን ከሸሚዙ ሥር ሰደደች።

እጇ ቆመ።

በማርጊላን ሐርን በጣቷ የማታውቅ ሴት የለችም። ጨለማ ውስጥ፣ እንቅልፍ ውስጥ፣ ያውቁታል። ፊቷን በቅርብ እያየሁት ነበር፤ አንዳች አልተለወጠም፤ ዓይኗ ብቻ ከአባቴ ዓይን ጋር ተገናኝቶ እዚያው ቀረ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከኋላዋ ሳጅኑ «እንዴት ነው?» አለ።

«እንዴት ይሆናል!» ብላ ጮኸች። «ሰባት አልቅት ባንድ ቀን! ደግሞ በዚህ ሙቀት! ቀልብ የሌለው ሰው! እንደ አሮጌ ጋን እየፈሰሰ ነው።» የራሷን ሻሽ ከራሷ ላይ ነጥቃ በሸሚዙ ላይ ጠመጠመችና ወገቡን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። «ሾፌር! ክሊኒኩ ጋ አቁም!»

ሳጅኑ ሳንወርድ የአባቴን ስም፣ የቤታችንን ቁጥር፣ የሮሂላን ስም ጻፈ። እጁ ቀስ ያለ ነበር፤ ፊደሉን አሳምሮ ይጽፋል።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ በረጅሙ ኮሪደር አሳልፋ የኋላ በር ከፈተችልን። ስሟ ኡልማስ እንደሆነ በሩ ላይ የጠራት ሰው ነገረን እንጂ እሷ አልነገረችንም። «አትሩጡ» አለች። «ተራመዱ።» በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

ግቢያችን ስንደርስ አባቴ መሽከርከር አልቻለም። ክሩ ከካናቴራው ጋር፣ ካናቴራው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። እናቴ ሖሲያት ለብ ባለ ውኃ እያራሰች፣ በየዙሩ እያለቀሰች ፈታችው። ሲያልቅ ከጡቱ እስከ እምብርቱ ድረስ ቀይ ሆኖ ቆመ። ክሩን ከመሬት አነሳና ወደ ብርሃን አደረገው። ነጩ ሁሉ በቀዩ ተበልቷል።

«ለውዙ ሄደ» አለ።

«ለውዙ?» አለች እናቴ። «እርስዎ ራስዎ ሊሄዱ አልነበር!»

ማቃጠል አይቻልም፤ ሐር ሲቃጠል እንደ ፀጉር ይሸታል፣ መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ማጠብ አይቻልም፤ የግቢው ውኃ ወደ መንገድ ቦይ ነው የሚወርደው፣ ቦዩ ቀይ ይሆናል። ላሟን አስወጥተን ከበረቱ ሥር ቀበርነው። አባቴ በሳሙናም፣ በአሸዋም፣ በኮምጣጤም ራሱን አሸ። ቀዩ ትንሽ ወደ ሮዝ አደላ እንጂ አልለቀቀም። ጥሩ ቀለም ነበር።

ሦስት ቀን ታሞ ተኛ ተባለ። በእውነትም ታሞ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ብርድ ልብሱን አገጩ ድረስ ይስባል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኡልማስ መጣች። እናቴ ሻይ ቀዳችላት። ሦስታችንም አንድ ነገር ነበር የምናስበው፤ ይህች ሴት ምን ልትጠይቀን መጣች?

ሻዩን አልነካችውም። «ያ ልጅ፣ ሳጅኑ፣ ክሊኒክ መጥቶ ነበር» አለች። «አዝላር ነው ስሙ። መዝገብ አየ። ሰባት አልቅት፣ ደም አልቆም ብሎ በፋሻ ታሰረ ብዬ ጽፌ ነበር። አነበበና፣ ነገ ጠዋት ሄጄ ቁስሉን አያለሁ አለኝ።»

አባቴ ተነስቶ ተቀመጠ። «ምን ቁስል?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቅዎ፣ አካ። ቁስል የለዎትም። እኔ ደግሞ በፊርማዬ አለው ብያለሁ። ሁለት ልጅ አሉኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «ያቺን አልቅት የምታደርገውን ሴትዮ ጥሪ። አሁን።»

ሮሂላ ሆላ በመንገድ ላይ ሁሉንም ስነግራት ቆም አለችና በጥፊ መታችኝ። ከዚያ ማሰሮዋን ይዛ መጣች።

አባቴ ከምንም በላይ የሚጠላው የሚሳብ ነገር ነው። የሐር ትል እንኳ በእጁ አይነካም። ማሰሮው ሲከፈት አየና ወደ ግድግዳ ዞረ። «ሌላ መንገድ የለም? በመርፌ...»

«የአልቅት ንክሻ ሦስት ጥርስ ነው» አለች ሮሂላ። «ያወቀ ሰው ያውቀዋል። ተኙ፤ ሙሽራ አይሁኑ።»

አልቅቶቹ ግን አልነክስ አሉ። ቀለሙ መረራቸው። ሆዱ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፣ ተጠቅልለው ይወድቃሉ። እናቴ ድምፅ ሳታወጣ ትጸልያለች። ሮሂላ ቆዳውን በሳሙና አጠበች፣ በስኳር የጣፈጠ ወተት ቀባች፣ ሰደበቻቸው፣ አባበለቻቸው። «ብይ አንቺ የማትረቢ፤ ሐር ለባሽ ሰው ከየት ታገኛለሽ?» አንደኛዋ ነከሰች። አባቴ ትራሱን ነክሶ ጮኸ። ፀሐይ ከግንቡ ጀርባ እስክትወርድ ድረስ አምስቱ ነከሱ። ሁለቱ ግን እምቢ አሉ። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ኡልማስ በመርፌ ሠራቻቸው፤ ሦስት ሦስት ነጥብ አድርጋ፣ በተቻላት መጠን። ከዚያ የቆዳው ቅላትና የንክሻው ትኩስነት እንዳይታይ ከቦርሳዋ ሁሉም ቤት ያለውን አረንጓዴውን የቁስል መድኃኒት አወጣችና ቀዩን ቆዳ በሙሉ ቀባችው። ቀይና አረንጓዴ ሲገናኝ እንደ በሰበሰ በለስ ጠቆረ። የሚያይ ሰው ፊቱን ያዞራል።

አዝላር በጠዋት መጣ። በር ላይ ጫማውን አወለቀ። እናቴ ያነጠፈችለት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ጤንነት፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቀ። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ ነበር። «ካልከበደዎት ቁስሉን ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል» አለው አባቴን።

አባቴ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ።

ሳጅኑ ተጠጋ። በጣቱ ሳይነካ፣ ከላይ በአየር ላይ እየጠቆመ መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ይህቺኛዋ ትንሽ ነች» አለ።

እናቴ የበርጩማውን እግር ይዛለች። አባቴ ጣራውን እያየ፣ የእሱ ባልሆነ ቀጭን ድምፅ፣

«እሷ ሰነፍ ነበረች፣ ወንድሜ» አለ። «ሰባተኛዋም እህቷ ነች።»

አዝላር አባቴን አየው። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወደ ሰባተኛው ሳይሄድ ሸሚዙን በራሱ እጅ ወደ ታች ሳበለት። «ሴት አያቴም ታስደርግ ነበር» አለ። «ይጠንቀቁ፣ አካ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አያድርጉ።» ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣ፤ ሲኒውን ገለበጠ፤ ጫማውን አጠለቀ።

ያወቀ ይሁን ያላወቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሮሂላ ላይ ምንም አልመጣም። ኡልማስ ለሠርጌ ተጠርታ መጣች፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ፖሎ የሚባለውን የሥጋ ሩዝ በላች፤ ከአባቴ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠችም። እኔም ዘጠነኛውን አትላስ ከሱቅ የተገዛ ለበስኩ። ጥሩ አትላስ ነበር፤ ሰው ሁሉ አመሰገነው። አባቴ አንዴ አይቶኝ ወጣ፤ ሠርጉ እስኪያልቅ በደንብ አላየኝም።

ሳጅኑ በወጣበት ጠዋት አባቴ ከተኛበት ሳይነሳ፣ «ሄደ?» አለኝ።

«ሄደ፣ ዳዳ።»

«የውጭውን በር ዘጋሽው?»

«ዘጋሁት።»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ስቦ፣ «ሄደ?» አለኝ እንደገና።

ቀዩ በነሐሴ መጨረሻ ለቀቀ። አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታው አንድ ክር ከፋብሪካው አላወጣም። የለውዙንም ጥለት ዳግመኛ አላሰረም፤ ታናሽ ወንድሜ ኋላ አድጎ አሳየኝ ብሎ ሲለምነው፣ ረሳሁት ይለው ነበር። ግን በየቀኑ፣ በብርድና በበረዶም ቢሆን፣ ከሥራ ሲወጣ የፋብሪካው በር ጋ ከመድረሱ ሃያ እርምጃ አስቀድሞ ቾፖኑን በሁለት እጁ ከፍቶ ይይዛል። ዘበኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ይስቁበት ነበር።

«ኖርማት አካ፣ ማን ጠየቀዎት? ይዝጉት እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል!»

እሱ ፈገግ ይልላቸዋል፤ አይዘጋውም። እንደዚያው ደረቱን ከፍቶ፣ በሩን አልፎ፣ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይሄዳል።